«ሊሆን ይችላል» በሕክምና ውስጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ በወሎ ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች ለሚሠሩ ጤና መኮንኖች፣ ነርሶችና ለተግባር ልምምድ ለወጡ ተማሪዎች የተዘጋጀ ነው። ሐኪም ፊት ተቀምጦ «ሊሆን ይችላል» የተባለና ግራ የገባው ሰውም ቢያነበው ይጠቅመዋል።

«ሊሆን ይችላል» ሲባል ትርጉሙ አንድ አይደለም እንዴ?

አይደለም። አንድ ባለሙያ በአንድ ተረኛ ቀን ቢያንስ በሦስት መንገድ ይለዋል፤ ብዙውን ጊዜም የትኛውን እንዳለ ራሱም ልብ አይለውም።

የመጀመሪያው የበሽታው ተፈጥሮ የሚፈቅደው ነው። ቫይቫክስ የተባለው የወባ ዓይነት ጉበት ውስጥ አድፍጦ ከወራት በኋላ ሊነሳ ይችላል። ፋልሲፓረም ግን ጉበት ውስጥ አያደፍጥም። ይህ እኛ ብናውቀውም ባናውቀውም እንዲሁ ነው።

ሁለተኛው ከምናውቀው ተነስተን ገና ያልዘጋነው ነው። ፊታችን የተቀመጠው ሰው ደሙ ውስጥ የወባ ተውሳክ ወይ አለ ወይ የለም፤ ነገሩ ቁርጥ ነው። «ወባ ሊሆን ይችላል» ስንል የምንናገረው ስለ ደሙ አይደለም፣ እኛ ምን ያህል እንደምናውቅ ነው።

ሦስተኛው እጃችን ላይ ባለው ነገር ማድረግ የሚቻለው ነው፦ መርፌው አለ ወይ፣ ላቦራቶሪው ማታ ይሠራል ወይ፣ አምቡላንሱ መንገድ ላይ ነው ወይ።

ጥፋት የሚመጣው አንዱ በሌላው ወንበር ሲቀመጥ ነው። አንገቱ የደረቀ ትኩሳታም ልጅ ይመጣና «ማጅራት ገትር አይሆንም» ይባላል። ለምን ሲባል «እዚህ የጀርባ ውሃ አይመረመርም»። ይኸ ሦስተኛው ሁለተኛውን ዋጠው ማለት ነው። መመርመር አለመቻላችን በሽታውን አያስቀረውም፤ እንዲያውም መላክ እንዳለብን ነው የሚነግረን።

ክፍፍሉ ለወሎ ሰው ባዕድ አይደለም። ተውሂድ (የእስልምና እምነት ትምህርት) የቀራ ደረሳ (የሃይማኖት ተማሪ) ዋጂብ፣ ሙስተሒልና ጃኢዝ የሚባሉትን ሦስቱን የአእምሮ ፍርዶች ያውቃል፦ መሆኑ ግድ የሆነ፣ ሊሆን የማይችል፣ ሊሆንም ላይሆንም የሚችል። ሐኪምም ፈላስፋም የነበረው ኢብን ሲና (980–1037) ደግሞ አንድ ነገር በራሱ ሲታይ ሊሆንም ላይሆንም የሚችል ሆኖ፣ ምክንያቱ ሲሟላ ግን መሆኑ ግድ ይሆናል ብሏል። ሕመምም እንዲሁ ነው። ትንኟ ነክሳ፣ ተውሳኩ ጉበቱን አልፎ ደም ውስጥ ከገባ በኋላ ለታማሚው «ምናልባት» የሚባል ነገር የለም። ምናልባቱ የቀረው እኛ ዘንድ ነው።

«ሊሆን ይችላል» ከይሆናልነት (ፕሮባቢሊቲ) በምን ይለያል?

መቻል መጠን የለውም፤ በሩ ወይ ክፍት ነው ወይ ዝግ ነው። ይሆናልነት በክፍቱ በር ስንት ሰው እንደሚገባ ይቆጥራል። «ካንሰር ሊሆን ይችላል» የሚለው አባባል ከመቶ አንዱንም ከመቶ ዘጠናውንም እኩል ይሸከማል። ለብቻው ሲነገር ከንቱ የሚሆነው ለዚህ ነው።

አማርኛ ለመጠኑ ጥሩ መሰላል አለው፦ ሊሆን አይችልም፣ አይመስለኝም፣ ሊሆን ይችላል፣ ሳይሆን አይቀርም፣ መሆን አለበት፣ ነው። ከእነዚህ «መሆን አለበት» ያታልላል። የበረታ ይመስላል፣ ግን ያላዩ ሰው ቃል ነው። ተውሳኩን በማይክሮስኮፕ ያየ ሰው «ወባ መሆን አለበት» አይልም፣ «ወባ ነው» ይላል። ካርድ ላይ «መሆን አለበት» ብለው ሲጽፉ ማስረጃዎ አሁንም ግምት መሆኑን እየመሰከሩ ነው። «ይሆናል» ደግሞ ጨርሶ ካርድ ላይ አይጻፍ፤ ለአንዱ «ምናልባት» ነው፣ ለሌላው ቁርጥ ያለ ትንቢት።

ታማሚው የደሴ ነዋሪ ነው። ወባን ከመጀመሪያው መሰረዝ ይቻላል?

ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በአገራችን ወባ በአብዛኛው የሚተላለፈው ከ2,000 ሜትር በታች ነው። ስለዚህ ከከተማዋ ወጥቶ የማያውቅ ሕፃን ቢያተኩሰው ወባ ከምንጠረጥራቸው በሽታዎች ዝርዝር ግርጌ ይወርዳል። ግን የወሎ ሰው አንድ ቦታ አይቀመጥም። ደጋው ከቆላው በአንድ ቀን መንገድ የተያያዘ ነው፤ ለንግድ ባቲ ይወርዳል፣ ለቀን ሥራ ወደ ቆቦና ወደ አፋር ይሄዳል፣ ዘመድ ጥየቃ ከሚሴ ያድራል። «የት ነው የሚኖሩት?» ብቻ ብሎ መጠየቅ አይበቃም። «ባለፈው አንድ ወር የት የት አደሩ?» ይባል። አደሩ የሚለው ቃል ቁም ነገር አለው፤ ወባ አስተላላፊዋ ትንኝ የምትናከሰው በአብዛኛው ከምሽት እስከ ንጋት ነው።

ቀኑን መቁጠር ደግሞ ከሁሉም የጠራ ማስረጃ ይሰጣል። አንድ ሰው በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ቆላ የወረደው ሰኞ ለባቲ ገበያ ነው እንበል፤ ረቡዕ ያንቀጠቅጠው ጀመር። የፋልሲፓረም ወባ ከንክሻው በኋላ ምልክት ለማሳየት አብዛኛውን ጊዜ ከ7 እስከ 14 ቀን ይፈጅበታል። ስለዚህ የረቡዑ ትኩሳት ከሰኞው ንክሻ ሊመጣ አይችልም። ይህ ተፈጥሮ የዘጋው በር ነው፣ በግምት የተዘጋ አይደለም። ነገር ግን ያው ሰው በየሳምንቱ ባቲ የሚመላለስ ነጋዴ ከሆነ የተዘጋው የዚህ ሰኞ ንክሻ ብቻ ነው፤ ያለፉት ሰኞዎች ሁሉ ክፍት ናቸው።

ቫይቫክስ ሌላ ሒሳብ ነው። አምና መኸር ላይ ቆላ ሠርቶ የታመመ ሰው ዘንድሮ በበልግ ከደሴ ሳይወጣ ሊያገረሽበት ይችላል። አንድ ወር ብቻ ወደ ኋላ የሚጠይቅ ሰው ይህን ያጣዋል።

የደም ምርመራው «የለም» ካለ በሩ ተዘጋ ማለት አይደለም?

«የለም» እና «አልታየም» ይለያያሉ። ወፍራሙ የደም ቅብ (መስታወት ላይ የተቀባው የደም ጠብታ) ላይ ቢያንስ 100 የማይክሮስኮፕ ዕይታ ሳይታይ «አልታየም» እንኳ ማለት አይገባም። የሥራ ብዛት ያጣደፈው ቴክኒሻን 20 ወይም 30 ዕይታ ላይ ሲያቆም፣ ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ቃል ግን ያው ነው። ጥርጣሬው ከጸና በ12 እስከ 24 ሰዓት ልዩነት ቅቡ እስከ ሦስት ጊዜ ይደገማል።

ፈጣኑ መመርመሪያም በሁለት በኩል ይስታል። ኤችአርፒ2 የተባለውን ፕሮቲን የሚፈልገው መስመር ሰውየው ታክሞ ከዳነ በኋላም ለሳምንታት ሊታይ ይችላል፤ ስለዚህ ባለፈው ወር የታከመ ሰው ላይ የወጣ መስመር የዛሬውን ትኩሳት አያስረዳም። በሌላ በኩል ይህን ፕሮቲን የሚሠራው ጂን የጠፋባቸው የፋልሲፓረም ተውሳኮች በኤርትራም በኢትዮጵያም ተገኝተዋል፤ እነሱ በዚያ መስመር አይታዩም።

አንድ ነገር ልብ ይባል፤ ወባ መገኘቱም ሌላውን አይዘጋም። ወባ የተገኘበት ልጅ አንገቱ ከደረቀ ማጅራት ገትር አሁንም ክፍት ነው። የመጀመሪያውን መልስ ሲያገኙ ፍለጋ ማቆም በዚህ ሙያ የተለመደና ዋጋ የሚያስከፍል ስህተት ነው።

«ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ» የማይባል ሰው የለም። ይህ እንዴት ሊሆን ይችላል?

ጥያቄው ትክክል ነው። መልሱ ያለው ከምርመራው በፊት በነበረው ይሆናልነት ውስጥ ነው።

በአንድ ደም ናሙና ብቻ የሚሠራው የዊዳል የታይፎይድ ምርመራ ተውሳኩን አያይም፤ ሰውነት የሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ነው የሚያየው። ያ ደግሞ ከዓመታት በፊት ከነበረ ሕመም፣ ከክትባት ወይም ከሌላ ተመሳሳይ ባክቴሪያ የቀረ ሊሆን ይችላል። በሕመሙ የመጀመሪያ ሳምንት ደግሞ ታይፎይድ ኖሮም ምርመራው ላያሳይ ይችላል። ትርጉም የሚኖረው ከ7 እስከ 14 ቀን ልዩነት በተወሰዱ ሁለት ናሙናዎች መካከል መጠኑ አራት እጥፍ ሲያድግ ነው፤ ይህን የሚያደርግ ግን እምብዛም የለም። ለታይፈስ የሚሠራው ዌል ፊሊክስም ከዚህ የተሻለ አይደለም።

ቁጥሩን በምሳሌ እንየው፤ ለሒሳቡ ብለን ያስቀመጥነው ነው፣ የተለካ አይደለም። 1,000 ትኩሳታሞች መጡ፣ በእውነት ታይፎይድ ያለባቸው 50 ናቸው። ምርመራው ከታመሙት 70 በመቶውን ይይዛል፣ ካልታመሙት 80 በመቶውን በትክክል ነጻ ይላል። ከ50ዎቹ 35ቱ ይያዛሉ። ከ950ዎቹ ደግሞ 190ዎቹ በስህተት «አለብህ» ይባላሉ። በድምሩ 225 ሰዎች ወረቀት ይዘው ይወጣሉ፤ በእውነት ታይፎይድ ያለባቸው ግን ከስድስት አንድ ገደማ ብቻ ናቸው። የቀሩት መድኃኒቱን ይውጣሉ፣ ትኩሳታቸው በራሱ ጊዜ ይበርዳል፣ «ታይፎይዴ ዳነልኝ» ይላሉ። በሚቀጥለው ዓመት ራሳቸው «የተለመደችው ታይፎይዴ ናት» ብለው ይመጣሉ። ክፉው ግን ሌላ ነው፤ ከእነዚያ 190 ሰዎች ውስጥ የሳንባ ነቀርሳ ወይም ሌላ በሽታ ያለበት ሰው በሐሰተኛ መልስ ተሸፍኖ ይቀራል።

ስለዚህ ምርመራ ከማዘዝዎ በፊት ለራስዎ አንድ ጥያቄ ይመልሱ፦ «ውጤቱ ‹አለ› ቢል ምን ላደርግ ነው? ‹የለም› ቢልስ?» ሁለቱም መልስ አንድ ከሆነ አይዘዙ፤ የሰውየውን ብር ያድኑለት።

ዝርዝሩ ውስጥ ስንት በሽታ ይቀመጥ?

ሁሉም ይቻላል የሚል ባለሙያ ምንም እንደማያውቅ ባለሙያ ነው። ከሦስት እስከ አምስት ይበቃል፤ ምርጫው ግን በብዛት ብቻ አይሁን። ሦስት ጥያቄ ይጠይቁ፦ እዚህ አካባቢ በዚህ ወቅት የተለመደው የቱ ነው? የተለመደ ባይሆን እንኳ ዛሬ ቢታለፍ የሚገድለው የቱ ነው? በቀላሉ የሚድነውስ የቱ ነው? ሦስተኛው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይረሳል።

በክረምት ሐይቅ አካባቢ አንድ የቀን ሠራተኛ ይመጣል፤ አምስት ቀን ትኩሳት፣ ብርቱ ራስ ምታት፣ የሰውነት ቁርጥማት፣ በአንድ ክፍል ከስምንት ሰው ጋር ያድራል። የተለመደው ወባ ነው። አብሮ የሚያድረውን ሰው ብዛት ሲሰሙ ግን በልብስ ቅማል የሚተላለፈው ትኩሳት ግርሻ ወደ ላይ ይወጣል፤ የልብሱን ስፌት ገልጦ ማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ትኩሳቱ ባለበት ሰዓት የተወሰደ የደም ቅብ ጠመዝማዛውን ተውሳክ ያሳያል፣ ለወባ የተሠራው ቅብ ራሱ ይበቃል። ላቦራቶሪው ግን ካልተነገረው ወባን ብቻ ነው የሚፈልገው። ይህኛው ደግሞ ከታከመ በኋላም ክትትል ይፈልጋል፤ የመጀመሪያው መድኃኒት ከገባ በኋላ ባሉት ጥቂት ሰዓታት ብርድ ብርድ ማለት፣ የትኩሳት መናርና የደም ግፊት መውረድ ሊመጣ ስለሚችል መርፌ ወግቶ ወደ ቤት መስደድ የለም።

በፍጹም «ሊሆን አይችልም» የሚባለው መቼ ነው?

እምብዛም አይባልም። ሲባልም ምክንያቱ የሰውነት ተፈጥሮ መሆኑ ይታይ፣ የእኛ ማኅበራዊ ግምት እንዳይሆን። የታችኛው ሆዷን ድንገት ያመማት፣ ያዞራት ወጣት ሴት ትመጣለች። «አላገባችም፣ እርጉዝ ልትሆን አትችልም» ይባላል። ወይም እናቷ አጠገቧ ቆማ ስላለች አትጠየቅም። ከማህፀን ውጭ ያለ እርግዝና ሲፈነዳ በሰዓታት ውስጥ ይገድላል፤ የሽንት ምርመራው ደግሞ ደቂቃዎች ብቻ ይፈልጋል። ሕጉ አጭር ነው፦ በመውለድ ዕድሜ ያለች፣ የታችኛው ሆዷን ያመማት ወይም ራሷን የሳተች ሴት ሁሉ ትመረመራለች። እናትየዋን በአክብሮት ውጭ አስቀምጦ ልጅቷን ብቻዋን መጠየቅ ነውር አይደለም።

ሳይረጋገጥ ማከም ትክክል ነው?

አንዳንዴ ግዴታ ነው። ፓውከርና ካሲረር የተባሉ ሐኪሞች በ1980 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያወጡት ሐሳብ እዚህ ይሠራል፤ ማከም የሚጀመርበት ደፍ አለ፣ ከደፉ በላይ ከሆነ ይታከማል። ደፉ የሚገኘው መድኃኒቱ ጤነኛውን የሚጎዳበትን መጠን ለጉዳቱና ለጥቅሙ ድምር በማካፈል ነው። ጉዳቱ 1፣ ጥቅሙ 9 ከሆነ ደፉ ከመቶ 10 ነው፤ ማለትም ከአሥር አንድ ቢሆን እንኳ ማከም ያዋጣል።

ማጅራት ገትር የተጠረጠረበት ልጅ ደፉ በጣም ዝቅ ያለ ነው፤ የመጀመሪያውን የፀረ ባክቴሪያ መርፌ ሰጥቶ መላክ እንጂ መልስ መጠበቅ አይገባም። ለመድኃኒት ያልተላመደ ቲቢ ግን ስድስት ወር የሚወሰድ፣ ጉበትን ሊጎዳ የሚችል ሕክምና ይጠይቃል፤ ደፉ ከፍ ይላል፣ አክታው ጂን ኤክስፐርት በተባለው መመርመሪያ መሣሪያ ቢታይ ይመረጣል። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሳለ ሰው ሁሉ ግን ለምርመራው ደፍ ደርሷል። የምርመራ ደፍና የሕክምና ደፍ የተለያዩ ናቸው።

ለሕፃናት ደፉ አስቀድሞ ተቆርጦልናል። ከ2 እስከ 12 ወር ያለ ሕፃን በደቂቃ 50ና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ያለው ደግሞ 40ና ከዚያ በላይ፣ ፈጣን አተነፋፈስ ነው። መቁጠር ያለበት ሙሉ አንድ ደቂቃ፣ ልጁ ሳያለቅስ ነው። 15 ሰከንድ ቆጥሮ በአራት ማባዛት አንዲት ትንፋሽ ብትሳት አራት ያሳስታል። መጠጣት ወይም መጥባት ያቃተው፣ ሁሉን የሚያስመልሰው፣ ያንቀጠቀጠው ወይም የፈዘዘ ልጅ ሌላ ሒሳብ ሳይጠበቅለት ይላካል።

ታማሚው «ምች ነው» ቢለኝስ?

አይከራከሩ። ምች ሲል ምን እንዳየ ይጠይቁት፦ ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ ከንፈር ላይ የወጣ ቁስል፣ ፀሐይ ላይ መዋል። ቃሉ የእርሱ ነው፣ ምልክቱ ግን የጋራችሁ ነው። ዳማከሴ ጠጥቶ እንደሆነም ይጠይቁ፣ ሌላ የወሰደው ነገር ካለም ይመዝገብ። «የሳንባ ምች» ሲል ግን ምናልባት ከእርስዎ ጋር ተስማምቷል።

ለቤተሰብ እንዴት ይነገር?

«ሊሆን ይችላል» ወደ ውጭ ሲወጣ «ነው» ሆኖ ይሰማል። «ካንሰርም ሊሆን ይችላል» ያሏት እናት ማታ ለጎረቤት «ካንሰር አሉኝ» ትላለች። የወሎ ደግ ቃል የሆነው «አብሽር» ደግሞ በተቃራኒው ያታልላል። ማጽናኛ ነው፣ ከአፋችንም አይጠፋ፤ ግን ሐኪም ሲለው «ምንም የለም» ተብሎ ይሰማል፣ ቤተሰቡም ሌሊት ልጅ ሲብስበት አይመለስም።

የሚሻለው መጠኑን፣ ቀጣዩን ሥራና የመመለሻ ምልክቱን በአንድ ትንፋሽ መናገር ነው፦ «አብሽሩ እትዬ፤ ሳንባዋ ደህና ነው፣ ወባም አልታየም። ጉንፋን ሳይሆን አይቀርም። ግን ነገ በዚሁ ሰዓት ይዘዋት ይምጡ፣ ደሟን ደግመን እናያለን። መጥባት እንቢ ካለች፣ ካስመለሳት ወይም ካንቀጠቀጣት ግን ነገን አይጠብቁ፣ ሌሊትም ቢሆን ይምጡ።» ከዚያ እናትየዋ የሰማችውን መልሳ እንድትነግርዎ ይጠይቁ። ሦስቱን ምልክቶች ካልጠራች ንግግሩ ገና አላለቀም። ቤታቸው ከመንገድ የራቀ ከሆነና ሌሊት መኪና ከሌለ «ሌሊትም ቢሆን ይምጡ» ባዶ ቃል ነው፤ እንዲህ ያለችውን ጤና ጣቢያ ማሳደር ይሻላል።

ካርድ ላይ ምን ይጻፍ?

አንድ የበሽታ ስም ብቻ የሰፈረበት ካርድ ለሚቀጥለው ተረኛ በሩን ይዘጋበታል። «ወባ» ከሚል ይልቅ እንዲህ ቢጻፍ ይጠቅማል፦ «ትኩሳት 3ኛ ቀን። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ከሚሴ 4 ሌሊት አድሯል። የደም ቅብ 1ኛ፣ 100 ዕይታ፣ አልታየም። ወባ አልተዘጋም፤ ቅብ ነገ 3 ሰዓት ይደገም። ማጅራት ገትር፦ አንገት ልስልስ፣ ንቃት ሙሉ፣ ለጊዜው ወርዷል። ንቃቱ ከቀነሰ እንደገና ይከፈት፣ የመጀመሪያው መርፌ ተሰጥቶ ወደ ደሴ ይላክ።» ሁለት ደቂቃ ይፈጃል። ተረኛው ሲለወጥ ምን እንደታየ፣ ምን እንዳልታየና የትኛው በር በምን ምክንያት እንደተገፋ በእጁ ላይ ይገኛል።